ከቡና ፍሬ ያነሰ ስክሪን፦ የጥቃቅን ማሳያዎች ቴክኖሎጂና የገበያ ተስፋቸው

(በጅማ ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለነጋዴዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ክቡራን እንግዶች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

በዚህ አዳራሽ ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ፕሮጀክተር ከፊታችን ባለው ግድግዳ ላይ ሦስት ሜትር ያህል ስፋት ያለው ምስል ጥሎልናል። ምስሉ የተሠራው ግን ግድግዳው ላይ አይደለም፤ በማሽኑ ሆድ ውስጥ፣ ከጥግ እስከ ጥግ 2 ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ቁራጭ ላይ ተሠርቶ፣ በሌንስ ተስፋፍቶ የወጣ ነው። በከተማችን በየመማሪያ ክፍሉና በየስብሰባ አዳራሹ እንዲህ ያለ ማሽን ተሰቅሎ እናያለን። ስለዚህ ጥቃቅን ማሳያ የሚባለው ነገር በሩቅ አገር ላቦራቶሪ ብቻ የሚገኝ፣ ገና ወደ እኛ የሚመጣ እንግዳ አይደለም፤ ሳናስተውለው ለዓመታት ስንማርበትና ስናስተምርበት የቆየን ዕቃ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልለይ። ትንሽ ስክሪን ሁሉ በዚህ ንግግር ውስጥ አይገባም። የካርድ ቆጣሪያችን ላይ ቀሪውን ሂሳብ የሚያሳየው፣ የስኳር መለኪያው ላይ ቁጥር የሚያወጣው፣ ተማሪዎቻችን ለመመረቂያ ሥራቸው አርዱይኖ ከሚባለው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር የሚያያይዙት፣ 128 በ64 ነጥብ ያለው ባለ 0.96 ኢንች ማሳያ፣ ሁሉም ትንሽ ናቸው፤ ነገር ግን በባዶ ዓይን እንዲታዩ የተሠሩ ናቸው። እኔ የምናገረው በሌንስ ተጎልተው ካልሆነ በቀር ስለማይታዩት ነው፤ ማለትም ወይ በግድግዳ ላይ የሚጣሉ፣ ወይ ከዓይን ፊት ተጠግተው በማጉያ መስታወት የሚታዩ ናቸው። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም፤ ከአሠራር እስከ ዋጋ ሁሉን ነገር የሚለውጥ ነው።

ምክንያቱ ከዓይናችን ይጀምራል። ጤናማ ዓይን አንድ ዲግሪ በሆነ የእይታ ስፋት ውስጥ 60 ያህል ነጥቦችን ለያይቶ ያያል። ስልካችንን በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ስንይዝ ይህ ወደ 0.09 ሚሊ ሜትር ይተረጎማል፤ የዛሬ ስልኮች ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተገነባበት ትንሹ ክፍል፣ ደግሞ ከዚህ ያነሰ ስለሆነ ከእንግዲህ ማሳነሱ ለተመልካቹ እምብዛም አይጠቅምም። ማሳያው በዓይን አጠገብ ተቀምጦ በሌንስ ሲጎላ ግን ያው ፒክስል አብሮ ይጎላል፤ ምስሉም እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ይታያል። ስለዚህ ፒክስሉ ከ10 ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ፣ በታች መውረድ አለበት። በስልክና በቴሌቪዥን ስክሪን እያንዳንዱን ፒክስል የሚያዝዙት ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ማለትም ትራንዚስተሮቹ፣ የሚታተሙት በመስታወት ላይ ነው፤ በመስታወት ላይ ደግሞ ይህን ያህል ደቃቅ ሥራ መሥራት እጅግ አስቸጋሪ ነው። መፍትሔው ማሳያውን የኮምፒውተር ቺፕ በሚሠራበት ሲሊከን ላይ መሥራት ሆነ። በዚህም ማሳያው ከመስታወት ፋብሪካ ወጥቶ ወደ ቺፕ ፋብሪካ ገባ፤ ሲሊከን በካሬ ሳንቲ ሜትር ከመስታወት እጅግ ውድ ነውና የዋጋው ሕግ አብሮ ተለወጠ። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ስለ ገበያው የምለው አብዛኛው ነገር ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ ልለፍ። ሁሉንም በእኩል አልዘረዝርም፤ ከፊሎቹ ለእኛ ይበልጥ ቅርብ ናቸው።

በፕሮጀክተር ዓለም በብዛት የሚገኙት ሁለት ጎሣዎች ናቸው ማለት ይቻላል። አንደኛው ኤፕሰን የሚታወቅበት ሦስት የኤልሲዲ፣ ማለትም የፈሳሽ ክሪስታል፣ ቁራጭ ያለው ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ቁራጭ ውስጥ አልፈው በፕሪዝም ይገናኛሉ። ሁለተኛው የአሜሪካው የቺፕ ኩባንያ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ መሐንዲስ ላሪ ሆርንቤክ በ1987 የፈለሰፈው የመስታወቶች ቺፕ ነው። በዚህ ቺፕ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል በመታጠፊያ ላይ የቆመች፣ ብርሃን የምታንጸባርቅ ደቃቅ የአሉሚኒየም መስታወት ናት፤ ወደ አንድ ወገን ስታዘነብል ብርሃኑን ወደ ሌንሱ ትልከዋለች፣ ወደ ሌላው ስታዘነብል ወደ ማስወገጃው ትመልሰዋለች። መካከለኛ ድምቀት የላትም፤ ግራጫውን የሚፈጥረው በሰከንድ ውስጥ ሺህ ጊዜ እየተገለባበጠች የምታሳልፈው የጊዜ ድርሻ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ መስታወቶች እንዲህ ለዓመታት ሲገለባበጡ አለመሰበራቸው እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ሆርንቤክ በ2015 ከአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የኦስካር ሐውልት የተሸለመው በዚሁ ነው፤ ሲኒማ ከፊልም ጥቅል ወደ ዲጂታል የተሸጋገረው በአብዛኛው በእነዚህ መስታወቶች አማካይነት ነበርና።

ለት/ቤቶቻችን ግዢ ኃላፊዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የኤልሲዲው ጎሣ ቀለሙ ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ አቧራ በቁራጮቹ ላይ ሲያርፍ ምስሉ ላይ ነጠብጣብ ይፈጥራል፣ የሰማያዊው መስመር ማጣሪያም በጊዜ ብዛት በብርሃንና በሙቀት ስለሚደክም ምስሉ ወደ ቢጫ ያደላል። የመስታወቱ ቺፕ በመስታወት ክዳን የታሸገ ስለሆነ አቧራ አይነካውም፤ ነገር ግን አንድ ቺፕ ብቻ ያላቸው ርካሾቹ ቀለምን በሚሽከረከር ጎማ እየለዋወጡ ስለሚያሳዩ አንዳንድ ሰው ዓይኑን ሲያንቀሳቅስ የቀስተ ደመና ጭረት ያያል። በሁለቱም ግን ከማሳያው ይልቅ ቀድሞ የሚሞተው አምፖሉ ነው። መደበኛው የሜርኩሪ አምፖል ጥቂት ሺህ ሰዓት ብቻ ያገለግላል፤ ከጠፋ በኋላም ማራገቢያው ለደቂቃዎች ሊያቀዘቅዘው ይገባል። መብራት በድንገት በሚሄድበት ከተማ ማራገቢያው ከአምፖሉ ጋር አብሮ ስለሚቆም ሙቀቱ ውስጥ ታፍኖ የአምፖሉን ዕድሜ ያሳጥራል። በሌዘር ወይም በኤልኢዲ ብርሃን የሚሠሩት 20 ሺህ ሰዓት ገደማ እንዲቆዩ የሚሠሩ ናቸው፣ በድንገት ቢጠፉም እንደዚያ አይጎዱም። ሲገዙ ውድ ቢመስሉም ለጅማ የሚሻሉት እነርሱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። በገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጡት፣ ካርቶናቸው ላይ ሺህ በሺህ ብርሃን የተጻፈባቸው ትንንሽ ፕሮጀክተሮች ደግሞ ብዙዎቹ ጥቃቅን ማሳያ እንኳ የላቸውም፤ ውስጣቸው ያለው ከስልክ ስክሪን ጋር የሚቀራረብ ተራ ኤልሲዲ ነው። «ፉል ኤችዲ ይቀበላል» ማለትና «ፉል ኤችዲ ያሳያል» ማለትም የተለያዩ ናቸው፤ የመጀመሪያው የሚናገረው ስለ ሽቦው እንጂ ስለ ምስሉ አይደለም።

ሦስተኛው ጎሣ ኤልኮስ ይባላል፤ በሲሊከን ላይ አንጸባራቂ የአሉሚኒየም ሽፋን ተደርጎ በላዩ ፈሳሽ ክሪስታል የሚሞላበት ነው። ራሱ ብርሃን አያመነጭም፤ ከውጭ የተላከለትን ብርሃን እየመረጠ ይመልሳል። አራተኛው በሲሊከን ላይ የተሠራ ኦሌድ ነው። የኦሌድ መሠረት የተጣለው የኮዳክ ኬሚስቶች ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በ1987 ባሳተሙት ሥራ ነው፤ መስታወቱ ቺፕ የተፈለሰፈበት ዓመትም ያው መሆኑ ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ኦሌድ ራሱ ያበራል፣ ጥቁሩም እውነተኛ ጥቁር ነው፤ ነገር ግን ብርሃን ሰጪው ነገር ኦርጋኒክ ስለሆነ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲጫንበት ቶሎ ያረጃል፣ እርጥበትም ጠላቱ ነው። አምስተኛው ማይክሮ ኤልኢዲ ነው፤ የመንገድ መብራት ላይ የምናውቀው ኤልኢዲ ወደ ጥቂት ማይክሮን ወርዶ ማለት ነው። ሲያበራ ወደር የለውም። ችግሩ ኤልኢዲ ሲያንስ ጠርዙ ከመካከሉ ጋር ሲነጻጸር ይበዛል፣ በተቆረጠው ጠርዝ ላይ ያሉት የክሪስታል ጉድለቶችም ብርሃን ሊሆን የነበረውን ኤሌክትሪክ በሙቀት መልክ ይውጡታል። ቀዩ ከሁሉም የባሰ ይጎዳል። ጄድ በርድ ዲስፕሌይ የተባለው የቻይና ኩባንያ 640 በ480 ፒክስል በ0.13 ኢንች ላይ፣ እያንዳንዱን ፒክስል በ4 ማይክሮን ሠርቷል፤ የሚታየው ክፍል 2.6 በ1.9 ሚሊ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው፤ ከአንድ የጅማ ቡና ፍሬ ያንሳል። ሦስቱን ቀለማት በአንድ ቁራጭ ላይ ማብቀል ግን አስቸጋሪ ስለሆነ እስካሁን የተለመደው ዘዴ ሦስት ባለ አንድ ቀለም ቁራጮችን በፕሪዝም ማገናኘት ነው።

እንግዲህ ወደ ገበያው። የዚህ ኢንዱስትሪ ታሪክ ተስፋና ውድቀት የተፈራረቁበት ነው፤ ትንበያ የሚያቀርቡ ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያነሱ አልሰማም፣ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት።

በ1995 ኒንቴንዶ ቨርቹዋል ቦይ የተባለ፣ ዓይን ተጠግቶበት የሚታይ መጫወቻ ለገበያ አቀረበ። ውስጡ ለእያንዳንዱ ዓይን በአንድ መስመር የተደረደሩ 224 ቀይ ኤልኢዲዎችና በፍጥነት የሚወዛወዝ መስታወት ነበሩ፤ መስታወቱ ያንን አንድ መስመር ዓይን ላይ እየዘረጋ ሙሉ ምስል ያስመስለዋል። ምስሉ ሁሉ ቀይ በጥቁር ነበር። ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲን ሹጂ ናካሙራ ለዓለም ያሳወቀው ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነበርና ዋጋው ገና ለመጫወቻ የሚቀመስ አልነበረም። ዕቃው ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ወጣ። ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ግን ያለው በቴሌቪዥን ላይ በደረሰው ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ትልቅ ቴሌቪዥን የሚፈልግ ሰው ጥሩ ምርጫው በውስጡ ጥቃቅን ማሳያ ያለው፣ ከበስተኋላ ምስል የሚጥል ሳጥን ነበር። ኩባንያዎች ተሻሙበት። ኢንቴል በጥር 2004 በኤልኮስ ቺፕ ወደዚህ ገበያ እንደሚገባ በታላቅ ድምፅ አስታወቀ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ግን ዕቅዱን ሰረዘ። ፊሊፕስም በዚያው ዓመት ከኤልኮስ ወጣ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ጠፍጣፋው ኤልሲዲ ዋጋው እየወረደ መጥቶ ሳጥኑን ከነቴክኖሎጂው ጠርጎ አስወጣው። ልብ በሉ፣ ጥቃቅኑ ማሳያ በጥራት አልተሸነፈም፤ ምስሉ ከጊዜው ጠፍጣፋ ስክሪን የተሻለ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው። የተሸነፈው በመስታወት ርካሽነት ነው። ትልቅ ምስል በቀጥታ በመስታወት ላይ በርካሽ መሥራት ከተቻለ፣ ምስሉን በሲሊከን ላይ አሳንሶ ሠርቶ መልሶ ማጉላት ትርጉም የለውም።

ከዚያ ውድቀት የተረፉት እነማን ናቸው ብንል፣ መልሱ አሰልቺ የሚባሉት ደንበኞች ናቸው። የመጀመሪያው የክፍልና የሲኒማ ፕሮጀክተር ነው። ሁለተኛው የካሜራ የዓይን መመልከቻ ነው፤ ሶኒ በ2011 ኦሌድ መመልከቻ ያላቸውን ካሜራዎች ሲያወጣ 2.4 ሚሊዮን ነጥብ የነበረው በ2020 ወደ 9.44 ሚሊዮን አድጓል። እዚህ ላይ ፎቶ አንሺዎቻችን እንዲያውቁት ያህል፣ ሻጮች የሚቆጥሩት ነጥብ እንጂ ፒክስል አይደለም፤ አንድ ፒክስል ከሦስት ነጥቦች፣ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ፣ ስለሚሠራ 9.44 ሚሊዮኑ ወደ 3.1 ሚሊዮን ፒክስል ይወርዳል። ሦስተኛው ወታደራዊው ነው፤ የሌሊት መነጽርና የአብራሪ የራስ ቁር ስለ ዋጋ የማይጠይቅ ገዢ አላቸው። የኤፍ 35 አውሮፕላን አብራሪ ቁር ወደ 400 ሺህ ዶላር እንደሚያወጣ ይነገራል፤ በእርሱ ላይ የነበረው ኤልሲዲ ጥቁሩ ጥቁር ሳይሆን አረንጓዴ ጭላንጭል ይረጭ ስለነበር፣ በጨለማ በመርከብ ላይ ለማረፍ የሚታገለውን አብራሪ ያስቸግረው ነበርና ወደ ኦሌድ ተቀየረ። እነዚህ ገዢዎች በጋዜጣ አይወራላቸውም፤ ቴክኖሎጂውን በሕይወት ያቆዩት ግን እነርሱ ናቸው።

ዛሬ የሚወራለት ሌላ ነው፤ መነጽር። አንድ ነጋዴ ወዳጄ ወደዚህ ስገባ «መነጽሩ ስልክን ይተካል ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። መልሴን ለመስጠት ሁለት ሒሳብ ማስላት አለብን፤ አንዱ የብርሃን፣ ሌላው የገንዘብ።

የብርሃኑን ላስቀድም። በራስ ላይ የሚደረጉ ዕቃዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ዓለሙን ሸፍነው በካሜራ መልሰው የሚያሳዩ፣ እና እንደ ተራ መነጽር ዓለሙን በመስታወት አሳይተው ጽሑፍ ወይም ምስል የሚጨምሩበት። የመጀመሪያው ዓይነት ዝግ ስለሆነ ከፀሐይ ጋር አይወዳደርም፤ መጠነኛ ድምቀት ይበቃዋል። ስለዚህ እዚያ ኦሌድ ነግሧል። አፕል በየካቲት 2024 በ3,499 ዶላር ለገበያ ያቀረበው ቪዥን ፕሮ በሁለት የኦሌድ ቁራጮች ላይ 23 ሚሊዮን ፒክስል አለው፤ እያንዳንዱ ፒክስል 7.5 ማይክሮን ነው። ሳምሰንግም በ2025 በ1,800 ዶላር ገደማ ያወጣው ጋላክሲ ኤክስአር በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ ኩባንያው ቀደም ብሎ በ2023 ኢማጂን የተባለውን የአሜሪካ የኦሌድ ማሳያ ሠሪ በ218 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበር።

በሁለተኛው ዓይነት ግን ነገሩ ይገለበጣል። በክፍት መነጽር ምስሉ ከመነጽሩ ጆሮ አካባቢ ተነሥቶ፣ ብርሃንን በውስጡ እያንጸባረቀ በሚያጓጉዝ ስስ መስታወት ተጉዞ ነው ዓይን ላይ የሚደርሰው። በዚህ ጉዞ የሚባክነው ብርሃን አስደንጋጭ ነው፤ ዓይን ላይ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከመቶ ጥቂት እጅ፣ አንዳንዴም ከመቶ አንድ እጅ በታች ነው። የድምቀት መለኪያው ኒት ይባላል። አንድ ኦሌድ ቁራጭ 5,000 ኒት ያበራል እንበል፤ ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ቢያልፍ ዓይን ላይ 50 ኒት ይደርሳል። ይህ በመጠኑ በበራ ክፍል ውስጥ ካለ ነጭ ግድግዳ ያነሰ ነው። በጥር ወር ቀትር ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ነጭ ግድግዳ ደግሞ ከ20 ሺህ ኒት ያልፋል። ስለዚህ በኦሌድ የተሠራ ክፍት መነጽር አድርጎ ከቤት የወጣ ሰው ከምስሉ ምንም አያይም ማለት ነው። በዚህ የተነሣ ለደጅ የታሰቡት ወይ ጠንካራ ብርሃን ከውጭ የሚላክለትን ኤልኮስ፣ ወይ ሚሊዮን ኒት የሚያልፈውን ማይክሮ ኤልኢዲ ይጠቀማሉ። ጉግል ግላስ በ2013 በ1,500 ዶላር ሲወጣ ኤልኮስ ነበረው፤ የማይክሮሶፍት የመጀመሪያው ሆሎሌንስም በ2016 እንዲሁ። ሜታ በመስከረም 2025 ከሬይ ባን ጋር በ799 ዶላር ያወጣው ባለ ማሳያ መነጽር ኤልኮስ ነው፤ የቀኝ ዓይን ላይ ብቻ 600 በ600 ፒክስል ያሳያል፣ ድምቀቱም እስከ 5,000 ኒት ይደርሳል። እኔ በዚህ ዕቃ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የወደድኩት ትሕትናውን ነው። ሙሉ ዓለም ልፍጠር አላለም፤ መልእክት፣ የመንገድ ምልክትና የንግግር ትርጉም የሚነበብባት 20 ዲግሪ ያህል ስፋት ያላት መስኮት ብቻ ከፈተ።

የገንዘቡ ሒሳብ ይኸውና። ቺፕ የሚሠራው 30 ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ባለው የሲሊከን ገበታ፣ በባለሙያዎቹ ቋንቋ ዌፈር በሚባለው ላይ ነው። የቪዥን ፕሮን ያህል ማሳያ፣ ከፒክስል ስፋቱ ስናሰላው፣ የሚታየው ክፍል ብቻ 27 በ24 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ጠርዙ ሲጨመር ከአንድ ገበታ 80 ገደማ ቢወጣ ነው። ለምሳሌ ያህል በገበታው ላይ 100 ጉድለቶች በዘፈቀደ ተበትነዋል እንበል። በጉድለት ያልተነኩት ከሦስቱ አንዱ ያህል፣ ወደ 28 ብቻ ይሆናሉ፤ የተቀረው ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ያንኑ ገበታ 4 በ4 ሚሊ ሜትር ወደሆኑ ቁራጮች ብንከትፈው ግን ከ4,000 በላይ ይወጣሉ፤ እነዚያው 100 ጉድለቶች ቢበዛ 100 ቁራጭ ያበላሻሉ። ጉድለቱ ያው፣ ገበታው ያው፤ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ቁጥሮቹን ለማስረዳት ያህል ያሰላኋቸው ናቸው፤ በሲሊከኑ ላይ ኦሌድ ወይም ኤልኢዲ ሲታከልበት የሚመጣውን ብክነትም አልጨመርኩም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው፦ በዚህ ኢንዱስትሪ ትልቁ ማሳያ ውድ ሆኖ ይኖራል፣ ትንሹ እየረከሰ ይሄዳል።

ስለዚህ ለወዳጄ ነጋዴ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ዓይንን የሚሸፍነው ትልቁ ዕቃ ለቀዶ ሕክምና ሥልጠና፣ ለዲዛይንና ለፊልም ይጠቅማል፤ ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ በላይ፣ ዋጋውም በሺህ ዶላር ሆኖ ስልክን የሚተካበት ምክንያት አይታየኝም። ቀላሉ መነጽር ግን ቀስ በቀስ ይገባል፤ ስልክን ተክቶ ሳይሆን ከስልክ ጋር ተጎዳኝቶ። ማይክሮ ኤልኢዲ ኤልኮስን ያሸንፋል የሚለው ትንበያ በመጨረሻ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ በዚህ ቴክኖሎጂ ላይ «በሚቀጥለው ዓመት» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ተሰምቷል። አፕል ለማይክሮ ኤልኢዲ ሲል ሉክስቪው የተባለውን ኩባንያ የገዛው በ2014 ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2024፣ የኤልኢዲ ሠሪው ኩባንያ አምስ ኦስራም ዋና የማይክሮ ኤልኢዲ ፕሮጀክቱ ስሙን ባልጠቀሰው ደንበኛ እንደተሰረዘበት አስታወቀ፤ ለዚሁ ሥራ በማሌዥያ አዲስ ፋብሪካ ሠርቶ ነበር። ያ ፕሮጀክት በቀጥታ የሚታይ ስክሪን እንጂ በሌንስ የሚታይ አልነበረም፤ ቢሆንም ገንዘቡን በትንበያ ላይ የሚያፈስ ሰው ታሪኩን ቢያውቀው ይበጀዋል።

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ፣ የመጣችሁ ተማሪዎች «እኛስ ከዚህ ምን አለን?» እንደምትሉ አውቃለሁ። የቺፕ ፋብሪካ በቢሊዮን ዶላር የሚሠራ ነውና እዚያ ውስጥ አንገባም፤ ጥገናም ቢሆን እንደ ስልክ ስክሪን አውልቆ በመተካት የሚሆን አይደለም፣ ምስሉና ትራንዚስተሩ አንድ አካል ናቸውና። ለእኛ የተከፈተው በር ሌላ ነው፤ እርሱም ማሳያውን ላልተፈለሰፈበት ሥራ ማዋል ነው።

ወደ ሆርንቤክ መስታወቶች ልመልሳችሁ። እነዚያ መስታወቶች ምስል ማሳየት አይጠበቅባቸውም፤ የታዘዙትን ብርሃን ወደ ታዘዙበት ቦታ መላክ ብቻ ነው ሥራቸው። የቡናን ናሙና በማይታየው፣ ከቀይ በታች ባለው ብርሃን አብርተን፣ ተንጸባርቆ የሚመለሰውን በሞገድ ርዝመቱ በትነን በመስታወቶቹ ላይ ብናሳርፈው፣ አንዱን የመስታወት ረድፍ ብቻ ከፍተን አንዱን የሞገድ ርዝመት ለይተን ወደ አንድ መለኪያ መላክ እንችላለን። ቀጥሎ ሁለተኛውን ረድፍ፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን። ጥቅሙ በዋጋ ነው፤ ለዚህ ብርሃን የሚሆን መለኪያ ከኢንዲየም፣ ከጋሊየምና ከአርሴኒክ የሚሠራ ውድ ዕቃ ስለሆነ በመቶዎች ከሚደረደር ይልቅ አንድ ብቻ ይበቃናል። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ከ900 እስከ 1,700 ናኖ ሜትር የሚለካ፣ በእጅ መዳፍ የሚያዝ እንዲህ ያለ የሙከራ መሣሪያ አውጥቷል። ውኃ ደግሞ 1,450 ናኖ ሜትር አካባቢ ብርሃንን አጥብቆ ይመጥጣል፤ ስለዚህ የቡናው እርጥበት በዚያ ቦታ ጉድጓድ ሆኖ ይታያል።

እርጥበት ለጅማ ቡና ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላሉት ነጋዴዎች ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ከ12 በመቶ ብዙ ካለፈ በመጋዘን ይሻግታል፤ ከመጠን በላይ ከደረቀ ክብደቱን ያጣል፣ ሲፈለፈልም ይሰባበራል። በእውነቱ ለእርጥበት ብቻ ከሆነ በኤሌክትሪክ ባሕርይ የሚለካው የተለመደው መሣሪያ ርካሽ ነው፣ ለብዙው ሥራም ይበቃል፤ ስለዚህ አዲሱን ግዙ አልላችሁም። የብርሃኑ መሣሪያ ብልጫ የሚታየው ከእርጥበት ያለፈ ነገር ሲጠየቅ ነው፦ የካፌይን መጠን፣ የሻገተና የጠቆረ ፍሬ፣ የታጠበውን ሊሙ ከደረቁ ጅማ መለየት። ይህን ሁሉ ግን መሣሪያው ብቻውን አያውቅም። የሚያወጣው ጠመዝማዛ መስመር ብቻ ነው፤ ያንን መስመር ወደ ቁጥር የሚተረጉመው በአካባቢው ቡና የተሠራ የመለኪያ ቀመር ነው። በብራዚል ቡና የተሠራ ቀመር ለጎማ ወይም ለማና ወረዳ ቡና ሊሳሳት ይችላል። ቀመሩን መሥራት የሚጠይቀው ፋብሪካ ሳይሆን ትዕግሥት ነው፤ ከየወረዳው፣ ከየከፍታው፣ ከታጠበውም ከደረቁም ናሙና ሰብስቦ፣ እያንዳንዱን በመሣሪያው ለክቶ፣ ከዚያ በ105 ዲግሪ ምድጃ አድርቆ እውነተኛውን እርጥበት በሚዛን ማረጋገጥ፤ ይህንንም ከአንድ ዓመት ምርት በላይ መድገም። ይህ ከተማ ከ1952 ጀምሮ የግብርና ኮሌጅ፣ በመልኮም የቡና ምርምር ማዕከል አለው፤ የኤሌክትሮኒክስና የኮምፒውተር ተማሪዎቹም እዚሁ ናቸው። በዓለም ላይ እነዚህ ሦስቱ ከቡናው ጋር በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ የሚገኙባቸው ቦታዎች ብዙ አይደሉም።

የአካባቢያችን ቡና መለቀም የሚጀምረው በጥቅምት ነው። በዚህ ሥራ የመመረቂያ ጥናት ማድረግ የሚፈልግ ተማሪ መሣሪያው ከውጭ ታዝዞ፣ ጉምሩክ አልፎ እስኪደርስ ወራት ሊፈጅ እንደሚችል አውቆ ከአሁኑ ማዘዝ ይኖርበታል፤ ናሙና ለመስጠት ፈቃደኛ የሆኑ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ነጋዴዎች ደግሞ ከዚህ ስብሰባ በኋላ ከመምህራኑ ጋር ቢነጋገሩ፣ የየናሙናው ወረዳ፣ የተለቀመበት ቀንና የተዘጋጀበት መንገድ ገና ከመጀመሪያው በከረጢቱ ላይ ይጻፋል።